ሲሰጥ በጋራ፣ ሲጠይቅ ለየብቻ

ፔሮል የሚሠራ ሰው የባልደረቦቹን ኑሮ ከቁጥር ላይ ያነባል። የምሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ በአንድ ወረዳ፣ ፑል በምንለው የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በአንድ ላይ በሚሠራበት ክፍል ነው። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ ጥበቃውም እኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ መስመር አላቸው። ከደመወዛቸው የሥራ ግብር ይነሳል፤ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ድርሻውን ይወስዳል፤ ዋስ የሆኑለት ሰው ካልከፈለ የእርሱም ዕዳ እዚያው መስመር ላይ ይመጣል። በመጨረሻው ዓምድ የሚተርፈውን ቁጥር አይቼ፣ ይህ ሰው ወሩን እንዴት ይዘልቀዋል ብዬ እስክሪብቶዬን ያስቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ለዓመታት ያስተዋልኩት ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በጋራ እንዲሰጥ ሲፈለግ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የታላቁ ህዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠራ፤ እጅ ወጣ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ የወር ደመወዛችንን በየወሩ እያስቆረጥን ቦንድ ገዛን። ስም ዝርዝሩ ደጋ ላይ ካለው የቀበሌ ትምህርት ቤት ጀምሮ እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ ተሟልቶ መጣ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ እዚያ ግንብ ውስጥ የእኔም የወር እንጀራ አለበት። የሠራተኛው የጋራ አቅም ምን ያህል እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ሰው ያ መዋጮ በቂ ማስረጃ ነው። ይኸው ሠራተኛ በጋራ ልጠይቅ ሲልስ ስብሰባውን የሚጠራው ማን ነው? ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው፣ ተወካይ ሆኖ ከመንግሥት ፊት የሚቀመጠውስ?

ሕገ መንግሥቱ መልሱን ጀምሮታል። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችን፣ የእርሻ ሠራተኞችን ይዘረዝርና፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን የመንግሥት ሠራተኞችም ይጨምራል። በማኅበር መደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር መደራደር፣ ቅሬታን መግለጽ፣ ሥራ ማቆምም መብታቸው ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል በዚህ መብት የሚጠቀሙት እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ። የመንግሥት ሠራተኛው የሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ እንዲደራደር በር የሚከፍተው ያ ሕግ እስካሁን አልወጣም። 30 ዓመት አለፈው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ መምህር ሆኖ ስሙ እኔ ፔሮል ላይ አለ።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። ልዩነቱን ለማየት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ይበቃል። ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ወይም በቢራ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት በሕግ ፊት የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ትችላለች። ማኅበሯ የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል፤ ካልተስማማም ሥርዓቱን ጠብቆ ሥራ ማቆም ይችላል። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ ምክንያቱ ተገልጾ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ለማስማማትም ጥረት ይደረጋል። ደሴ ላይ መዝገብ ቤት የምትሠራው እህቷ ግን ከዚህ አንዱም የላትም። ሁለቱ በአንድ ታክሲ ይመላለሳሉ፤ ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ መብታቸው ግን በአሠሪያቸው ማንነት ተለያየ።

የፋብሪካዋን ሠራተኛ ኑሮ ለማሳመር አይደለም ይህን የምለው። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስትታገድ ለውጭ ገበያ የሚሠራው የአልባሳት ዘርፍ ተመታ። ሥራው እንዳይዘጋ የሚፈራ ሠራተኛ ሥራ አቆማለሁ ብሎ አያስፈራራም። ቢሆንም ሕጉ አለ፤ ዛሬ ባትጠቀምበት ነገ ትጠቀምበታለች።

ስለ ሆስፒታል ሲነሳ ነገሩ ይከብዳል። ይኸው አዋጅ የአየር ትራንስፖርትን፣ መብራትን፣ ውኃና የከተማ ጽዳትን፣ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤትን፣ እሳት አደጋን፣ ቴሌኮሙኒኬሽንን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ ሥራ ማቆምን ይከለክላል። የሚሞት ሰው እያለ በሩ አይዘጋም የሚለው ሐሳብ ለማንም ይገባል፤ ለእኔም ይገባኛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ቢሆን መቋረጡ የሰውን ሕይወት፣ ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ በሚጥል አገልግሎት ላይ ገደብ መጣል እንደሚቻል ይቀበላል። ነገር ግን መምህርን ከዚህ ውስጥ አይቆጥርም። ገደብ ለተጣለበትም ሠራተኛ ምትክ ይሰጠው ይላል፤ ፈጣንና ገለልተኛ የሆነ፣ ውሳኔው ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ የግልግል ዳኝነት ማለት ነው። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚደነግገውን የድርጅቱን ስምምነት ቁጥር 87 ያጸደቀችው በ1955፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ስምምነቱ ያለ ምንም ልዩነት ሠራተኞች ሁሉ ይላል፤ ለየአገሩ ሕግ የሚተወው የጦር ሠራዊትንና ፖሊስን ብቻ ነው። የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንም ጭምር፣ እንዲደራጁ ይፈቀድላቸው እያለ ለኢትዮጵያ ደጋግሞ ጽፏል።

እንግዲህ ወደ ግንቦት 2017 ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ የሁሉም ዕቃ ዋጋ ሲወጣ እኛ ፔሮል ላይ ያለው ቁጥር ብዙም ፈቀቅ አላለም። በ2017 መጀመሪያ በተደረገው ማስተካከያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሰው ደመወዝ 6,940 ብር ሆነ። ይህ ገንዘብ ግብርና ጡረታው ሳይነካው እንኳ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ አይገዛም ነበር። ሁላችንም ውስጥ ውስጡን አጉረመረምን። የጤና ባለሙያዎች ግን ወጡ። መጀመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ጽሑፍ ይዘው ታዩ፤ ቀነ ገደብ ሰጡ፤ ከዚያ በተለያዩ ከተሞች በከፊል፣ ቀጥሎም በሙሉ ሥራ ማቆም ጀመሩ። መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለ። ፖሊስ በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን አሰረ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች እስሩን ተቃወሙ።

እናቴ የደም ግፊት ክትትል አላት። በዚያ ሰሞን ቀጠሮዋ ደርሶ ከገጠር በጠዋት ተነሥታ መጣች፤ የተመላላሽ ክፍሉ ዝግ ሆኖ ጠበቃት። የአክስቴ ልጅ እዚያው ከተማ ነርስ ናት። ማታ ወደ እኔ ቤት መጥታ የእናቴን ግፊት ለካችና መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀቻት። እናቴ ክንዷን እንደዘረጋች አልተናገረችም። ልጅቷ መለኪያውን ስትፈታላት ግን፣

«አንቺ ልጅ፣ ደመወዝሽ አንሶ መቆጣትሽ ያለ ነው። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ግን የለም። በዚህ ቀን አትምጪ ብትሉኝ እቀር ነበር፤ ገንዘቤን ለመኪና አላወጣም ነበር» አለቻት።

«ማን ይንገርሽ እማዬ? እኛም የምንሰማው ከስልክ ላይ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ።

ያቺ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እናቴ ከሄደች በኋላ ከልጅቷ ጋር ቆይተን ተጨዋወትን። እርሷ ባለችበት ክፍል የነበረውን ነገረችኝ። ድንገተኛና ማዋለጃ ክፍሎች እንዳይቋረጡ እነርሱው ተነጋግረው ተራ አወጡ። ተራውን ያወጣው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ማንም ስሙን መስጠት አልደፈረም፤ ስም የሰጠ ሰው እንደ አስተባባሪ ይቆጠራልና። ስለዚህ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ በቃል ተላለፈ፤ በቃል የተላለፈ ነገር ደግሞ ይዛባል። አንድ ሌሊት ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አደረች። «እታለም፣ ያን ሌሊት አንድ ሰው ቢሞትብኝ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ፤ ሥራ አቁሚ ያለኝም አትቁሚ ያለኝም አጠገቤ አልነበረም» አለችኝ። ከዚህ በፊት ይህች ልጅ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አብሽሪ ከማለት ሌላ የምላት አጣሁ።

ሥራ ማቆም ሕዝብን ይጎዳል ብለው የሚከለክሉ ሰዎች ይህን ሌሊት እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ክልከላው ሥራ ማቆሙን አላስቀረውም። ያስቀረው ማስጠንቀቂያውን፣ የተራ ዝርዝሩን፣ ኃላፊነት የሚወስደውን ሰው፣ ለድርድር የሚጠራውን ወገን ነው። ማኅበር ቢኖር እናቴ ከ10 ቀን በፊት በሬዲዮ ትሰማ ነበር። የትኞቹ ክፍሎች እንደማይዘጉ፣ በስንት ሰው እንደሚሠሩ ተጽፎ፣ ተፈርሞ በር ላይ ይለጠፍ ነበር። መንግሥትም በሦስተኛው ቀን ጠርቶ የሚያነጋግረው ሰው ያገኝ ነበር። ቁጣውን መከልከል አይቻልም፤ ደመወዝና ገበያ ሲራራቁ ቁጣ ይመጣል። መከልከል የሚቻለው የቁጣውን ሥርዓት ብቻ ነው፤ የተከለከለውም እርሱ ነው።

እኛ ወሎዎች ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። በእኛ አገር ዕድሩ ቅሬ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚያመጣው፣ እንጀራ የምትጋግረው ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ሌባ ወይም አመፀኛ ሲያስቸግር ቅሬው እሳት አትጫጫሩት ብሎ ከወሰነ ያ ሰው ወይ ይታረማል ወይ አገር ይለቃል። ያለ ፖሊስ፣ ያለ እስር ቤት። ስለ ግንቦቱ ነገር ከቅሬያችን ዳኛ ጋር ስንጨዋወት ሽማግሌው ብዙ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ቅሬ ሰው በሞተ ዕለት አይቋቋምም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን በልቤ ብዙ ጨመርኩበት። ቅሬ ጉልበት የሚያገኘው ማንም ባልሞተበት ወር መዋጮ ስለሚሰበሰብ፣ ማንም ባልተጣላበት ጊዜ ዳኛ ስለሚመረጥ፣ ስምህ መዝገብ ላይ ስላለ ነው። የሠራተኛ ማኅበርም ጉልበቱ ከዚያ ሌላ አይደለም። ሥራ የሚቆምበት ዕለት ከዓመታት አሰልቺ ስብሰባና ከተከፈለ መዋጮ በኋላ የሚመጣ አንድ ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም የመደራጀቱ ነገር በሚገባ ከተሠራ ያ ቀን ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

በአገራችን ታሪክ ይህ የታየበት ዘመን አለ፤ ወሎም ከመሐሉ ነበረች። በ1965 እና በ1966 ረሃቡ የወሎን ሕዝብ ሲፈጅ መንግሥት ለመሸፋፈን ሞከረ። በዚያ ላይ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ መጣ፤ ብዙውን የድሃ ልጅ ከጥቂት ዓመታት ትምህርት በኋላ ያስቀረዋል ተብሎ የተፈራ ነበር። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 ሥራ አቆመ። በዚያው ሰሞን የነዳጅ ዋጋ የናረባቸው የታክሲ ነጂዎችም ቆሙ። መምህራኑ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው፤ ወላጅ ከጎናቸው የቆመው ግን የልጁ የትምህርት ዕድል በጥያቄያቸው ውስጥ ስላለ ነው። ዕቅዱ ተነሣ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። ከየካቲት 28 ጀምሮ ደግሞ በ1955 የተቋቋመው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መራ፤ በስምምነትም ተቋጨ። አራት ቀን! ያ ሁሉ ሠራተኛ በአራት ቀን ወጥቶ የተመለሰው ጥያቄውን በዝርዝር ጽፎ የሚያቀርብ፣ ስምምነት ሲደረስም ተመለሱ ሲል የሚሰማ ማኅበር ስለነበረው ነው። ፋብሪካ የሌላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም፣ ካህናትም ሳይቀሩ በዚያ ጸደይ የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ያሳዝነኛል። ደርግ በመስከረም 1967 የሠራተኞች አንድነት ማኅበሩን መሪዎች አሰረ፤ በ1968 ማኅበሩን አፍርሶ በኋላ ለራሱ የሚመች ሌላ አቆመ። መምህራንም በኢሕአዴግ ዘመን ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ታሰሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ የተደራጀ የመንግሥት ሠራተኛ ሲያዩ የሚያድርባቸው ፍርሃት ግን ሲወራረስ ኖሯል። ዛሬም በክልላችን ከ2015 ጀምሮ ጦርነት ባለበት ሁኔታ ስለ ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው ከጀርባህ ማን አለ ይባላል። ከጀርባው ያለው የቤት ኪራይ ነው፤ የልጅ ደብተር ነው።

ከሌላ አገር ሁለት ነገር ልጥቀስ፤ አንዱ የሚያበረታ፣ አንዱ የሚያስጠነቅቅ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሥራ ማቆም በሕግ አልተፈቀደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በ55ቱም አውራጃዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመዝጋታቸው በፊት ያደረጉት ነው ልቤን የነካው። በትምህርት ቤት ምሳ የሚውሉ ድሃ ልጆች እንዳይራቡ መምህራኑና አብያተ ክርስቲያናት ምግብ እያሸጉ አከፋፈሉ። የአውቶቡስ ሾፌሮችና የወጥ ቤት ሠራተኞች አብረው ቆሙ። የማኅበራቱ መሪዎች ከአገረ ገዢው ጋር ተስማምተናል ብለው ተመለሱ ሲሏቸው እንኳ፣ ቃሉ ሕግ ሆኖ ሳይወጣ አንመለስም አሉ። በመጨረሻ 5 በመቶ ጭማሪው ለመምህራን ብቻ ሳይወሰን ለግዛቲቱ ሠራተኞች በሙሉ ሆነ። ወላጁ ያልተቀየማቸው ልጁን ስላልረሱበት ነው።

ሁለተኛው ኬንያ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ሥራ ማቆምን ለማንኛውም ሠራተኛ ይፈቅዳል፤ ሐኪሞቹም የራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ሳይፈጸም ሲቀር ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ 100 ቀን ሥራ አቆሙ። የማኅበሩ መሪዎች ፍርድ ቤት ደፍራችኋል ተብለው ታሰሩ፤ ከቀናት በኋላ ተፈቱ። በመጨረሻ ስምምነት ተፈረመ። 100 ቀን ግን ረጅም ነው፤ የግል ሆስፒታል መክፈል የማይችለው ሰው ነው የተንገላታው። ስለዚህ የተጻፈ መብት ብቻውን ሕመምተኛን አያድንም እላለሁ። ተፈርሞ የማይፈጸም ስምምነት ምንጩ መንግሥት ሲሆን፣ መንግሥትን ቶሎ የሚያስገድድ ገላጋይ ያስፈልጋል። የኬንያውን መከራ አይተው መብቱን ራሱን የሚፈሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ናይሮቢ ላይ ሁለቱም ወገን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቅ ነበር።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የደመወዝ ጭማሪ መጣ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000፣ ዲግሪ ይዞ የሚጀምረው ከ6,940 ወደ 11,500፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አደገ። አዲሱን እርከን ፔሮል ላይ ሳስገባ ደስ አለኝ፤ የብዙ ሰው የመጨረሻ ዓምድ ትንሽ ተነፈሰ። መንግሥት ጭማሪው ከግንቦቱ ነገር ጋር የተያያዘ ነው አላለም፤ እኔም አልምልም። በየቡና ቤቱ ግን ሰው የሚያወራው ይህንኑ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጭማሪው በመግለጫ ተነገረን፤ በስምምነት አልተፈረመም። በስምምነት የመጣ ቢሆን ኖሮ የዋጋ ንረት በዚህን ያህል ሲያድግ ደመወዝ እንደገና ይታያል የሚል አንቀጽ ይኖረው ነበር፤ የዱቲ፣ ማለትም የትርፍ ሰዓትና የአዳር ሥራ፣ ክፍያ ከዚህ ቀን በላይ አይወዘፍ የሚል አንቀጽ ይኖረው ነበር፤ በድልድል ወቅት ሠራተኛ የሚሰማበት መንገድ ይኖረው ነበር። በመግለጫ የመጣ ነገር የሚቀጥለውም በመግለጫ እስኪመጣ ያስጠብቃል። በመሐል ገበያው አይጠብቅም። ከዝቅተኛው ጀማሪ ላይ የታከለችው 1,240 ብርም ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ምን እንደምትገዛ ወር በገባ ቁጥር አየዋለሁ።

ይህ ሠራተኛ ለአገልግሎቱ ግድ የለውም የሚል ሰው ወሎን አያውቅም። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ደሴ በተያዘች ጊዜ ስንቱ መምህርና ነርስ ልጁን አዝሎ በእግሩ ተሰደደ። ሲመለስ የተዘረፈ ሆስፒታልና ጥቁር ሰሌዳው የተሰባበረ ትምህርት ቤት ነው የጠበቀው። ጠርጎ፣ ወንበር ለቅሞ፣ ያለ መድኃኒት ሕመምተኛ እያየ ሥራ ጀመረ። ያኔ ማንም ሕገ ወጥ አላለውም።

የሚያስፈልገው ሕግ ረጅም መሆን የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱን ማኅበር ያቋቁማል፣ መሪዎቹን ራሱ ይመርጣል ይበል። መንግሥት ከማኅበሩ ጋር በየጊዜው ደመወዝ ይደራደራል ይበል። ሕይወት በሚያድኑ ክፍሎች ምን ያህል ሰው ሁልጊዜ እንደሚኖር ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ይፈራረማሉ፤ ለእነዚያ ክፍሎች ገለልተኛ ገላጋይ ይሰየማል፣ ፍርዱም መንግሥትን ጭምር ያስገድዳል ይበል። ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ምንም አገልግሎት አይቋረጥም ይበል። ተወካይ ሆኖ የተናገረ ሰው በመናገሩ አይባረርም፣ አይታሰርም ይበል። የአክስቴን ልጅ ከእነዚህ የትኛው ይቅደም ብዬ ብጠይቃት፣ የክፍሎቹ ዝርዝር አለች፤ «ማን እንደሚያድር ተጽፎ፣ ፈራሚው ታውቆ» አለች።

እስከዚያው የተፈቀደልን የብድርና ቁጠባ ማኅበር ነው። ለመበደር መደራጀት እንችላለን። መዝገብ አለን፣ የተመረጠ ኮሚቴ አለን፣ ኦዲት እናስደርጋለን፤ መዋጮው በየወሩ በእኔው እጅ ይቆረጣል። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አጀንዳ እንዲያዝልኝ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ደመወዙ የተቋረጠበት ወይም የታሰረ አባል ቤተሰብ ለተወሰኑ ወራት የሚረዳበት አነስተኛ መጠባበቂያ እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ሹም መተዳደሪያ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስለ ማኅበራዊ ፈንድ የሚናገረውን አንቀጽ አውጥቼ አሳየሁት። ሁለት አባላት የግንቦቱን ነገር ያስመስልብናል ብለው ሠጉ፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ እንደምትመጣ ነግራኛለች። መዋጮው በወር ስንት ይሁን በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።